የተማሪ ቤት ዕቃ፦ ከቆሎ ተማሪ ጎጆ እስከ ኪራይ ክፍል



በመስከረሙ ስብሰባችን ቡናው ተጠጥቶ፣ ሒሳቡ ከተሰማ በኋላ አንዲት እናት ተነሡና «ልጄ ለትምህርቷ ክፍል ተከራይታለች፤ ክፍሉ ግን ባዶ ነው። በእጄ ያለው ትንሽ ነው፤ ከምን ልጀምር?» ብለው ጠየቁ። ቀላል ጥያቄ መስሎን ነበር። ግማሾቻችን አልጋ አልን፤ ግማሾቻችን ፍራሽ፤ አንዷ ደግሞ «ጠረጴዛ ከሌላት ምኑን ተማሪ ሆነችው?» አለች። ስብሰባው እስኪመሽ አልተቋጨም።

ክርክሩ እንዲያ የጋለው ስለ ዕቃ ብቻ ስላልነበረ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚሁ ጉዳይ ተሳስተናል፤ በስህተታችንም አንዲት ልጃችን ትምህርቷን አቋርጣለች። ይህን ወደ ኋላ እንመለስበታለን። አስቀድመን ግን ከእኛ በፊት የነበረ ድኻ ተማሪ ቤቱን በምን ያሟላ እንደነበር ለማየት ወደድን። ዓመታቱን የጻፍነው በእኛው አቆጣጠር ነው።

ደበሎና አኩፋዳ

የአገራችን የጥንት ተማሪ የቆሎ ተማሪ ነው። ዜማ፣ ቅኔ ወይም ትርጓሜ ለመማር ከወላጆቹ ቤት ወጥቶ ከደብር ወደ ደብር፣ ከመምህር ወደ መምህር ይሄዳል። የሚያድረው በቤተ ክርስቲያኑ አካባቢ ተማሪዎች ራሳቸው በሚሠሯት ትንሽ ጎጆ ነው። ግድግዳዋ እንጨትና ጭቃ፣ ክዳኗ ሣር ነው። ዕቃው ተቆጥሮ ያልቃል፦ ቀን የሚለብሰው ሌሊት የሚተኛበት ደበሎ፣ የለመነውን ቁራሽ የሚይዝባት አኩፋዳ፣ ውሃ የሚቀዳበት ቅል፣ ውሻ የሚከላከልበት በትር። አልጋው ከጭቃ የተሠራ መደብ ነው፤ ምንጣፉም ሣር ወይም ቁርበት።

ከዚህ ኑሮ ሁለት ነገር እናስተውላለን። አንደኛ፣ ተማሪው ለቤቱ ብሎ ዕዳ አይገባም ነበር። የሚሸከመውን ይዞ ይሄዳል፤ የማይሸከመው፣ ጎጆዋና መደቡ፣ ከእሱ በኋላ ለሚመጣው ይቀራል። ሁለተኛ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ሲቆም ቁራሽ የምታወጣለት ሴት ነበረች። ተማሪውን ያበላችው የባላገር እናት ናት፤ የራሷ ሴት ልጅ ግን በዚያች ጎጆ ውስጥ አልነበረችም። በጎጃም ቅኔ በማስተማር ስማቸው የሚነሣው እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ያሉ ሴቶች ጥቂቶች ናቸው፤ የሚደነቁትም ለዚህ ነው። ሴት ልጅ ከቤት ወጥታ፣ በጎጆ አድራ፣ ደጅ እየለመነች ትማር ቢባል ማን ይጠብቃታል? የዚያን ዘመን ወላጅ ጥያቄ የዛሬዋም እናት ጥያቄ ነው።

መንግሥት አልጋ ሲገዛ

ዘመናዊ ትምህርት ሲመጣ የዚህ ጥያቄ አንዱ መልስ አዳሪ ትምህርት ቤት ሆነ። በ1920ዎቹ የተከፈተው የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት ሴት ልጆችን በአዳሪነት ተቀብሏል። አዳሪ ማለት አልጋው፣ ብርድ ልብሱና ማዕዱ የትምህርት ቤቱ ነው ማለት ነው። ወላጅም በሩ የሚዘጋና ዘበኛ ያለው ግቢ ስለሆነ ልቡ ያርፋል።

በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራ ጀመረ። በ1954 ዓ.ም. ደግሞ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲቋቋም ንጉሠ ነገሥቱ በስድስት ኪሎ የሚገኘውን የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ሰጡት። ከገጠር የመጣ ልጅ የተነጠፈ አልጋ የሚያገኝበት ዘመን መጣ። ከእነዚህ ተማሪዎች መካከል ሴቶቹ በጣም ጥቂቶች ነበሩ።

በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የሚባለው ተጀመረ። ተማሪዎች ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት እየወጡ ያገለግሉ ነበር፤ አብዛኞቹም በአስተማሪነት። በዶርም የለመደ ልጅ በማያውቀው ከተማ ቤት መፈለግ ነበረበት። ከአባሎቻችን አንዷ አዛውንት በዚያን ጊዜ እናታቸው ክፍል ያከራዩ ስለነበር በደንብ ያስታውሱታል። ክፍሉ የሚከራየው ከጠፍር አልጋው ጋር ነበር፤ የእንጨት ፍሬም፣ በከብት ቆዳ ጠፍር የተወጠረ። ፍራሹ ጭድ የተጠቀጠቀበት ኬሻ ነው። ልጁ ይዞ የሚመጣው ሻንጣና መጻሕፍት ብቻ ነው። ሻንጣው ተገልብጦ ጠረጴዛ ይሆናል፤ በላዩ ፋኖስ ይቀመጣል። «አልጋውን የሚሸጥ አልነበረም፤ አልጋው የቤቱ ነው። ልጁ ሲሄድ ለሌላው እንጠብቀዋለን» ይላሉ እናታችን። ይህን ቃላቸውን በኋላ እናነሣዋለን።

አዋጅ 47 እና የቀበሌ ቤት

በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ ተጀምሮ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና አስተማሪዎች ወደ ገጠር ዘመቱ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። ኪራይ ተቀነሰ፤ በወር ከ100 ብር በታች የሚከራዩት ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። ብዙዎቻችን ያደግነው በእነዚህ የቀበሌ ቤቶች ነው።

ኪራዩ ረከሰ፤ ቤቱ ግን አልሰፋም። በአንድ ክፍል ውስጥ እናት፣ አባት፣ ልጆችና ከገጠር ለትምህርት የመጣ ዘመድ ይኖራሉ። የተማሪው ክፍል ያኔ ቆጥ ነበር። ከጣሪያው ሥር በእንጨት ርብራብ የሚሠራው ቆጥ፣ በመሰላል የሚወጣበት፣ ቀና ሲሉ ጭንቅላት ቆርቆሮ የሚነካበት ነው። ዝናብ ሲዘንብ ጆሮ ያደነቁራል፤ እኩለ ቀን ላይ ደግሞ ይጋግራል። ከታች ለምትተኛው ሴት ልጅ መጋረጃ ይጋረድላታል። ግድግዳው ላይ በዱቄት ሙጫ የተለጠፈ አዲስ ዘመን ጋዜጣ አለ፤ ጭቃው እንዳይረግፍ፣ ብርድና ትኋን እንዳይገባ። ፊደል የቆጠርንበት የግድግዳ ጋዜጣ ዛሬም ትዝ የሚለን አለን።

የዚያ ዘመን ሴት ተማሪ ለቤት ዕቃ አትጨነቅም ነበር፤ ዋጋውን ግን በሌላ መንገድ ትከፍላለች። አክስቷ ዘንድ ያረፈች ልጅ እንጀራ ጋግራ፣ ልብስ አጥባ፣ ሕፃን አዝላ ነው ደብተር የምትይዘው። ወንዱ ዘመድ ቆጥ ላይ ወጥቶ ሲያጠና እሷ ምድጃ ሥር ናት። ይህን የጻፍነው አክስቶቻችንን ለመውቀስ አይደለም። እነሱም ያላቸውን ነው ያካፈሉት።

ምናለሽ ተራ

የድኻ ተማሪ ቤት ታሪክ ያለ መርካቶ አይነገርም። የአዲስ አበባ ገበያ ቀድሞ አራዳ፣ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር፤ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የአገሬውን ሰው ገበያ ወደ ምዕራብ ወስደው አሁን ባለበት ቦታ ተከሉት፤ መርካቶ የሚለውም ስም ከእነሱ ቋንቋ ቀረ። ከመርካቶ ተራዎች ለእኛ ቤት የቀረበው ምናለሽ ተራ ነው። ስሙ «ምን አለሽ?» ከሚለው ጥያቄ የመጣ ነው፤ የምትሸጥ ሴት ዕቃዋን ይዛ ስትመጣ ነጋዴው የሚላት።

ሰንሰለቱ የሚጀምረው ከደጃችን ነው። «ቆራሌው!» እያለ የሚዞረው ልጅ፣ ማለትም ቆርቆሮ ያለው፣ ጣሳ፣ ጠርሙስ፣ የተሰበረ ወንበርና ያረጀ ጫማ በትንሽ ገንዘብ ወይም በአዲስ ዕቃ ለውጥ ይሰበስባል። ዕቃው ምናለሽ ተራ ይደርሳል። እዚያ በርሜል ተቀዶ የከሰል ምድጃና መጥበሻ ይሆናል፤ የቲማቲም ጣሳ ኩራዝ ይሆናል፤ የዕቃ ማሸጊያ ሳንቃ መደርደሪያ ይሆናል። በየሰፈሩ ደግሞ «ፍራሽ አዳሽ!» የሚል ድምፅ አለ። የተጋገረውን ጥጥ አውጥቶ፣ ነድፎና አፍታቶ መልሶ ይሰፋዋል። አንድ የጥጥ ፍራሽ በዚህ መንገድ ታላቅ እህትን፣ ከዚያም ታናሽን አገልግሏል።

ከዚህ ገበያ የተማርነውን ለአዲስ እናቶች እናካፍል። እንጨትና ብረት ያገለገለ ሊገዛ ይችላል፤ የተናጋ እግር ይመታል፣ የዛገ ይፋቃል። ያገለገለ ፍራሽ ግን ምንጩን ካላወቃችሁ አትግዙ፤ ትኋን ይዞ ይመጣል። አንድ ጊዜ ከገባ ፍራሹን ብቻ ሳይሆን የአከራይዋንም ግድግዳ ይወርሳል። ስፖንጅ ከሆነ በቡጢ ተጭናችሁ ቶሎ መመለሱን እዩ፤ አንሥታችሁም ክብደቱን መዝኑ፤ ቀላል ስፖንጅ ቶሎ ይተኛል፤ ፍራሽ አዳሽም አያድነውም።

የዛሬው ባዶ ክፍል

ከ1980ዎቹ መጨረሻ ወዲህ የግል ኮሌጆች በዙ፤ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችም በየክልሉ ተከፈቱ። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በመደበኛ የምትማር ልጅ ዶርም ታገኛለች፤ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የወጪ መጋራት ቢመጣም ክፍያው ከተመረቁ በኋላ ነው። በግል ኮሌጅ ወይም በማታው ክፍለ ጊዜ የምትማረው ግን አልጋ የሚያቀርብላት የለም። አክስትም ቢሆን እንደ ቀድሞው ቤቷን አትከፍትም፤ የራሷ ቤት ፈርሶ ዳር ከተማ ገብታለች፣ ወይም በጠባብ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ናት። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በተሠሩት ኮንዶሚኒየሞች ዕጣ ሠላሳ በመቶው ለሴቶች መመደቡ ከመካከላችን ለአንዳንዶች በር ከፍቷል። ለልጆቻችን ግን የቀረው ከቪላ ጀርባ ያለ ሰርቪስ ክፍል ነው፤ ያውም ለሦስት ለአራት ሆነው።

ሰርቪስ ክፍል የራሱ ሕግ አለው። ምጣድ ክልክል ነው። ስቶቭ ክልክል ነው፣ ቆጣሪ ይበላል። ከሦስት ሰዓት በኋላ በር አይከፈትም። ውሃ በሳምንት የሚመጣው በተወሰነ ቀን ስለሆነ ጀሪካን የሌላት ልጅ ከጎረቤት ትለምናለች። ኪራይ ሲጨመር ደግሞ ማስጠንቀቂያው አጭር ነበር፤ አልቻልሽም ከተባለ ዕቃን ጭኖ መውጣት ነበር። እኛ የተሳሳትነው ይህን ሳንቆጥር ነው።

የሠራነው ስህተት

ያን ዓመት ከአባሎቻችን የአንዷ ልጅ ኮሌጅ ገባች። እኛም ደስ ብሎን ከቁጠባ ሣጥናችን ብድር አወጣንላት። «ከሰው እኩል ትሁን፤ ጓደኞቿ መጥተው እንዳይንቋት» ብለን የእንጨት አልጋና ቁም ሣጥን አስገዛናት። አዲስ ነበር፤ ቫርኒሹ ያብረቀርቃል። ቤት ልናስመርቅ ሄደን ቡና ጠጣን፤ ለዚህ መጽሔትም ፎቶ አነሣን።

ዓመቱ ሳያልቅ አከራይዋ ኪራይ ጨመሩ። የተገኘው ሌላ ክፍል ጠባብ ነበር፤ ቁም ሣጥኑ በበሩ አልገባም። የጭነት መኪና ተከፍሎበታል። ሁለት ሌሊት ደጅ ካደረ በኋላ ዝናብ ሲመጣ ልጅቱ ሁለቱንም በተገዛበት ዋጋ እጅግ ዝቅ ባለ ሸጠችው። ዕቃው ሄደ፤ ብድሩ ግን ቀረ። እሷም ክፍያችንን ላለማጓደል ስትል የኮሌጅ ክፍያዋን አጓደለች። ለፈተና እንዳትቀመጥ ተከለከለች። እኛ ይህን አላወቅንም። አውቀንም ቢሆን ያደረግነውን እንናገር፦ የሦስት ወር ክፍያ ሲዘገይ እናቷን በጉባኤ መሀል ስማቸውን ጠርተን ጠየቅናቸው። ልጅቱ በማግሥቱ ሥራ ፈልጋ ገባች። ብድሩን እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ከፈለች። ወደ ትምህርቷ ግን እስከ ዛሬ አልተመለሰችም።

ሌላም አለ። በሌላ ዓመት ሁለት ልጆቻችን ብርድ ሲበረታባቸው የከሰል ምድጃ ክፍላቸው አስገብተው ዘግተው ተኙ። ጎረቤት በር ባትሰብር ኖሮ ዛሬ የምንጽፈው ሌላ ነበር። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም፤ ሰውን በእንቅልፉ ይወስዳል። ጭሱ ቢያልቅና ፍሙ ቢቀላም ጋዙ አይቆምም። እኒያ ልጆች ምድጃ ያስገቡት ባለማወቅ ብቻ አልነበረም፤ ብርድ ልብስ አልነበራቸውም። እኛ ደግሞ ያን ዓመት የገዛንላቸው ጠረጴዛ ነበር።

ምን ወሰንን?

በመስከረሙ ክርክር መሀል የተነሡት እኚያው እናት ናቸው፤ ልጃቸው ያቋረጠችባቸው። ሁላችንም ዝም አልን። «አልጋም ይሁን ፍራሽ ግድ የለኝም። ዕቃው የማኅበሩ ይሁን። ልጅ ዕቃ ትዋስ እንጂ ዕዳ አትሸከም» አሉ። ከእድር ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበርና ብረት ድስት ተውሰን ስንመልስ ኖረናል፤ ለልጆቻችን ለምን እንዳላሰብነው አናውቅም።

ከላይ የጻፍነው ታሪክ ይህንኑ ያሳየናል። የቆሎ ተማሪው ጎጆ ለሚመጣው ትቀር ነበር። የአዳሪው አልጋ የትምህርት ቤቱ ነበር። ያቺ የክፍለ ሀገር እናትም ጠፍር አልጋውን ለሚቀጥለው ልጅ ትጠብቅ ነበር። ዕቃው ከአንድ ልጅ ወደ ሌላ ሲያልፍ ድኻም ተምሯል። ሸክሙ በአንዲት ልጅ ትከሻ ላይ ብቻ ሲወድቅ ግን ምን እንደሚሆን በገዛ ቤታችን አይተናል።

ስለዚህ «የተማሪ ዕቃ ደብተር» ከፍተናል። ዕቃው በማኅበሩ ስም ይገዛል፤ ልጅቱ ፈርማ ትወስዳለች፣ ስትጨርስ ትመልሳለች። በአገልግሎት ያረጀ አይጠየቅባትም። የግዢውም ቅደም ተከተል ይህ ነው፦

አንደኛ፣ ጠንካራ ቁልፍና ለበሩ ከውስጥ መሸጎሪያ። ሴት ልጅ በሯን ሳትዘጋ እንቅልፍም ጥናትም የላትም።

ሁለተኛ፣ አዲስ ፍራሽና ሁለት ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ። ፍራሹ ከሲሚንቶ ወለል ቅዝቃዜና እርጥበት እንዲርቅ ከታች የእንጨት ርብራብ ይነጠፍለታል። ርብራቡ ተነቃይ ስለሆነ በማንኛውም በር ይገባል።

ሦስተኛ፣ መብራት። አንድ አምፖልና መብራት ሲጠፋ የሚያገለግል ባትሪ። ሻማ አልጋ አጠገብ አይለኮስም።

አራተኛ፣ ክዳን ያላቸው ሁለት ጀሪካኖች፣ አንድ ባልዲና አንድ ሳፋ።

አምስተኛ፣ ብረት ድስት፣ ሁለት ሳህን፣ ቢላዋና ላቀች ምድጃ፤ ምድጃው ከደጅ እንጂ ከቤት እንዳይገባ ተፈርሞ።

ጠረጴዛና ወንበር ከዚህ በኋላ ይመጣሉ፤ እስከዚያው ሳንቃና ሁለት ብሎኬት ያገለግላሉ። ቁም ሣጥን በዝርዝሩ የለም፤ ለልብስ ከግድግዳ ግድግዳ የተወጠረ ገመድ ከነመጋረጃው ይበቃል።

ለደጋፊዎቻችን አንድ ልመና አለን። ያገለገለ ዕቃ ልትልኩልን ስታስቡ ምስጋናችን ከልብ ነው፤ ነገር ግን ከመላካችሁ በፊት ጠይቁን። ትልቅ ሶፋ ማስቀመጫ የለንም፤ ብርድ ልብስ ግን ሁልጊዜ ያንሰናል። አባላትም በየቤታችሁ ያለውን ትርፍ ድስትና ጀሪካን ለቆራሌው ከመስጠታችሁ በፊት ደብተራችንን አስቡ።

በመስከረም ከምን እንደሚጀምሩ የጠየቁት እናት ልጃቸው በጥቅምት መጀመሪያ ቁልፏን፣ ፍራሿንና ሁለት ጀሪካኗን ፈርማ ወስዳለች። በደብተሩ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለው ፊርማ የእሷ ነው። ሁለተኛውን ገጽ ባዶ ትተነዋል። ትምህርቷን ላቋረጠችው ልጃችን የመመዝገቢያዋን ክፍያ ማኅበሩ እንዲሸፍን ጉባኤው ወስኗል፤ እናቷንም በዚያው ጉባኤ መሀል፣ ስማቸውን በጠራንበት ቦታ፣ ቆመን ይቅርታ ጠይቀናቸዋል። ልጅቱ «አስቤ እመልሳለሁ» ብላናለች። እንጠብቃታለን።

ቸር ይግጠመን።